ልብ ከመምታቱ በፊት

እስቲ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። በጽንስ ውስጥ ካሉት ሕዋሳት መካከል ልብ የሚሆኑት፣ ልብ መሆን እንዳለባቸው በምን ያውቃሉ? ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። መልሱ ግን በየቤታችን የሚሰማ አንድ ወቀሳን ስለሚመለከት ጥቂት ታገሡኝ።

ሳይንቲስቶች ይህን ምሥጢር ከመረመሩባቸው ፍጥረታት አንዷ እንቁራሪት ናት። የሰው ጽንስ በማኅፀን ተሰውሮ ሲያድግ፣ የእንቁራሪት ጽንስ ግን ከዓይን ፊት፣ ውኃ ውስጥ ያድጋል። በቤተ ሙከራዎች የታወቀችው ባለ ጥፍሯ የደቡብ አፍሪካ እንቁራሪት ዕንቁላሏ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሙቀቱ ከተስማማው ግን በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ የጽንሱ ልብ መምታት ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1924 ሐንስ ሽፔማንና ሒልደ ማንጎልድ የተባሉ ጀርመናውያን የእንቁራሪት ዘመድ ከሆነ ባለ ጅራት እንስሳ ጽንስ ጥቂት ሕዋሳት ወስደው ወደ ሌላ ጽንስ አዛወሩ። እንግዶቹ ሕዋሳት ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው ሁለተኛ አካል አስጀመሩ። ሕዋሳት እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ የታየው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ንግግሩ በድምፅ ሳይሆን በኬሚካል ነው። አንዱ ሕዋስ ፕሮቲን ይለቃል፤ ጎረቤቱም ተቀብሎ ጠባዩን ይለውጣል። ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ ዊንት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንቁራሪት ጽንስ ላይ የተሠራ ጥናት አስደናቂ ነገር አሳየ። ልብ በሚበቅልበት ሥፍራ የዊንት መልእክት ሲበረታ ልብ መፈጠሩ ይታገዳል። ዊንትን ዝም የሚያሰኙት ዲክኮፍና ክሬሰንት የሚባሉት ፕሮቲኖች ሲጨመሩ ደግሞ፣ በተለምዶ ልብ የማይሆነው የጽንሱ ክፍል እንኳ ወደ ልብነት ያመራል። በዚያው ዓመት በጫጩት ጽንስ ላይም ተመሳሳይ ውጤት ተገኘ። ዊንት ግን ጠላት አይደለም፤ ቀደም ባለው ሰዓት ያስፈልጋል፣ በኋላ ግን ዝም ማለት አለበት። እንግዲህ ልብ የሚበጀው ትክክለኛው መልእክት በትክክለኛው ቦታና ሰዓት ሲነገር፣ በሰዓቱም ሲቆም ነው።

ይህን ያጫወትኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ ልቡ ላይ ቀዳዳ ያለበት ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ስሄድ፣ ከሕመሙ በላይ ያቆሰላት የሰው አፍ ነበር። «ከባድ ነገር አንሥታ ይሆናል፤ ደንግጣ ይሆናል፤ ያማራትን ሳትበላ ቀርታ ይሆናል» ይሏታል። እርሷም ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ «እህቴ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን?» አለችኝ።

የሰው ልብ መምታት የሚጀምረው ከፅንሰቱ በኋላ በ22ኛው ቀን ገደማ ነው። ያን ጊዜ የእናቲቱ የወር አበባ የዘገየው ገና አንድ ሳምንት ያህል ነው። ልብን የሚያስጀምሩት መልእክቶች የሚተላለፉት ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ነው። ብዙ እናት ማርገዟን እንኳ በማታውቅበት ሰዓት ለሚሆን ነገር እንዴት ትወቀሳለች? ከመቶ ሕፃናት አንዱ ያህል ከልብ ጉድለት ጋር ይወለዳል፤ ለአብዛኞቹም አንድ የተለየ ምክንያት አይገኝም።

መጠንቀቅ የሚቻልባቸው ነገሮች ግን አሉ። ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ፣ በእርግዝና መጀመሪያ የሚይዝ ሩቤላ የተባለ ተላላፊ በሽታና አንዳንድ መድኃኒቶች የሕፃኑን ልብ ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ መውለድ የምታስብ እህት ከማርገዟ በፊት ሐኪም ብታማክር መልካም ነው።

ባሎች ሆይ፣ አማቶች ሆይ! ጡት ሲጠባ የሚያልበውና ቶሎ የሚደክም፣ ትንፋሹ የሚፈጥን ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። በዛሬው ጊዜ ብዙው የልብ ጉድለት ይታከማል፤ አንዳንዱ ቀዳዳም ራሱ ይደፈናል። እናቲቱን ግን «ምን አደረግሽ?» አትበሏት። «ምን እናግዝሽ?» በሏት።