የአንገት ነገር

ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያላት ሴት የባርቢ ራስ ስትነቅልና ስትተክል ታመሻለች ብዬ ስጽፍ የሚስቅብኝ አንባቢ ቢኖር አልቀየምም። እናቴም ትስቃለች። ይሁን እንጂ ነገሩ የጀመረኝ በቅርቡ አይደለም፤ በሰባት ዓመቴ ከሠራሁት አንድ ጥፋት ነው።

በ1990 ዓ.ም. ዋሽንግተን የምትኖረው አክስቴ በሰው እጅ አንዲት ባርቢ ላከችልኝ። ጠይም ናት፤ ጥቁር ፀጉሯ ወገቧ ላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ ቀበና፣ እኛ ሰፈር፣ ባርቢ የነበራት ሌላ ልጅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የእሷ ነጭ፣ ባለ ወርቃማ ፀጉር። ዕቃው ሲፈታ ሊያዩ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ካርቶኑ ሲከፈት ዝም አሉ። ኋላ አንዷ፣ "ጠይሙንማ እኛስ መች አጣን! ከአሜሪካ የሚላከው ይኼ ነው?" ስትል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አክስቴ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ካገኘችው ቆጥባ፣ ከዚያ ሁሉ ነጭ መካከል እሷኑ ፈልጋ መግዛቷን ያን ጊዜ ማን ነግሮኝ?

በማግስቱ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ተዋዋልን፤ ራስ በራስ። የእኔዋን ቀሚስ፣ ጫማና ማበጠሪያ ምራቂ ሰጠኋት። ሁለታችንም በጥርሳችን ጭምር ታግለን ነቀልናቸው። ከዚያ በኋላ በእኛም ቤት በእነሱም ቤት አንዳንድ ዝንቅ ሴት ተቀመጠች። የእኔዋ ገላዋ ጠይም፣ ፊቷ ነጭ፤ አንገቷ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል መስመር ነበራት።

በ1992 አክስቴ ለእረፍት መጣች። ቡፌው ላይ አየቻት። አንስታ አውራ ጣቷን በመስመሩ ላይ አሳለፈች፤ መልሳ አስቀመጠቻት። "አደግሽ እኮ" አለችኝ እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ጎረቤቶቻችንም ብዙ ሳይቆዩ ቤት ለቀው ሄዱ፤ ጠይሟ ራስ አብራቸው ሄደች።

ስለ ባርቢ ማንበብ የጀመርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ሩት ሃንድለር የተባለችው የማቴል ኩባንያ መሥራች እ.ኤ.አ. በ1959 ኒው ዮርክ ላይ ለገበያ አቀረበቻት። በ1967 ኩባንያው ፍራንሲ የተባለችውን የባርቢ የአክስት ልጅ በጥቁር ቀለም አወጣ፤ ግን ፊቷ ከነጯ ፍራንሲ ቅርጽ ማውጫ የወጣ ነበር። የነጭ ፊት ቡናማ ተቀብቶ ማለት ነው። እኔ በልጅነቴ የሠራሁትን ኩባንያው በግልባጩ ሠርቶታል። በ1968 የባርቢ ጓደኛ የተባለችው ክሪስቲ ተከተለች። ራሷ ባርቢ ተብላ የተጠራችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ግን የወጣችው በ1980 ነው፤ የነደፈቻትም ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት።

ስለ ቀበናው ሳቅ ደግሞ ሌላ ነገር አነበብሁ። ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1940ዎቹ ለጥቁር ሕፃናት ከቀለማቸው በቀር አንድ የሆኑ አሻንጉሊቶች እያቀረቡ ጥሩዋ የትኛዋ እንደሆነች ይጠይቁ ነበር። አብዛኞቹ ነጯን መረጡ። ይህንን ሳነብ እፎይ ማለት አምሮኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረምና። ግን የአክስቴ አውራ ጣት ትዝ ይለኛል።

ወደ ሥራው ልመለስ። የባርቢ ራስ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ ገላዋ ደረቅ። አንገቷ ጫፉ ሰፋ ያለ ጉጥ ስላለው ቀዝቃዛ ሳለ ከሳቡት ወይ ጉጡ ይሰበራል፣ ወይ የራሱ ቀዳዳ ይተረተራል። ስለዚህ ራሷን ጥቂት ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር፣ አለዚያ በፎን ማሞቅ፣ ከዚያም ግራና ቀኝ እያነቃነቁ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። አዲሱም ራስ ሳይቀዘቅዝ ይገባል። የፋብሪካውን የፊት ቀለም አሴቶን ያነሣዋል፤ ያው አሴቶን ገላዋን ቢነካ ግን ያቀልጠዋል። እኔ አንድ ትከሻ አበላሽቼ ተምሬአለሁ። ፀጉር በየቀዳዳው በመርፌ ይተከላል፤ ይህ የሳምንት ሥራ ነው፣ ዓይንም ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የወጣችው 22 መገጣጠሚያ ያላት ባርቢ እንደ ሰው ስለምትቀመጥ ብዙ ሰው ለገላዋ ብቻ ይገዛታል። ራሷ ትርፍ ነው። የእኔ ትርፎች በብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጠዋል፤ ወንድሜ አንድ ቀን ብስኩት መስሎት ከፍቶ ጮኋል።

መጀመሪያ የፈታሁት የራሴን አሮጌ ባርቢ ነው። ወገቧ ላይ 1966 የሚል ታትሟል። ነጯን ራስ ስነቅል ደግሞ የአንገቷ ጠርዝ ውስጥ 1976 የሚል አገኘሁ። ገላዋና ራሷ የአሥር ዓመት ልዩነት አላቸው! ዓመቱ የቅርጹ እንጂ አሻንጉሊቷ የተሠራችበት አይደለም፤ ኩባንያው አንድ ገላ ለብዙ ራስ፣ አንድ ራስ ለብዙ ገላ ሲያፈራርቅ ኖሯል።

ለጠይሙ ገላ የሚሆን ጠይም ራስ መፈለግ ግን አደከመኝ። በ2016 ፋሽኒስታስ በተባለው ዝርዝሩ ኩባንያው ሰባት ዓይነት የቆዳ ቀለም አወጣ፤ ከሰባቱ አንዱም የእኔን ገላ አልሆነም። እኛ "ቀይ ዳማ"፣ "ጠይም"፣ "ጠቆር ያለ ጠይም" እያልን በአፍ የምንለየውን ለዓይን በልክ ማግኘት ከባድ ነው። ደግሞም ፕላስቲክ ሲያረጅ ቀለሙ ይለወጣል፤ ለስላሳውና ደረቁም እኩል አያረጁም። የገዛ ራሷ ብትገኝ እንኳ ላትገጥም ትችላለች። በመጨረሻ ሰው ካመጣልኝ አምስት ራሶች አንዱን መርጬ፣ ደረቅ ቀለም ፈጭቼ በብሩሽ አንገቷን አለዘብሁት። ፀጉሯን ጥቁር ተከልሁ፤ ወገቧ ድረስ።

ባለፈው ገና አክስቴ በቪዲዮ ስትደውል አሳየኋት። መስመሩን ለመሸፈን ትንሽ ዶቃ አስሬላት ነበር።

"ዶቃውን አንሺው" አለችኝ።

አነሣሁት። ስልኩን አስጠጋሁላት። አክስቴ መነጽሯን ፈልጋ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"ፊቷ ጠቆር ይላል" አለች፤ "ፀሐይ ነክቷት ይሆናል።"