ብርሃኑን ሳይነኩ

ዲጂታል ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው ደካማውን ምልክት ያጎላል፤ ስሕተቱም አብሮ ይጎላልና በጨለማው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ ይፈላል። በኩራዝ ብርሃን የተነሣውን የአያቴን የመጨረሻ ፎቶግራፍም ይኸው ነጠብጣብ ወርሮት ነበር።

ሁሉን ማደብዘዝ ቀላል ነው፤ ዕድሜ በግንባሯ ላይ የጻፈው መስመር ግን አብሮ ይጠፋል። በ1995 እ.ኤ.አ. ሁለት የበርክሊ ተማሪዎች የጀመሩት፣ ጊምፕ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ምስሉን በሦስት ከፈለልኝ፤ አንዱ ብርሃኑን፣ ሁለቱ ቀለሙን ያዙ። የቀለሞቹን ብቻ አደብዝዤ ከብርሃኑ ጋር መልሼ አዋሐድኋቸው። የሰው ዓይን ረቂቁን ዝርዝር ከቀለም ይልቅ በብርሃን ያነባልና ከግንባሯ አንድም መስመር አልጎደለም። የነጠላዋ ጥለት ጥቂት ፈዘዘ፤ ዋጋው ይህ ነው።

በብርሃኑ ላይ ጥቂት ሸካራነት ቀርቷል። አልጠረግሁትም፤ ያ ምሽት ጨለማ ነበርና።