የአስታማሚ ወረፋ

አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ያሉት በአንድ ክልል፣ በአንድ አስፋልት ላይ ነው። ሕመም ሲጠና ግን ጀርባ ይሰጣጣሉ። የአዋሹ ሪፈር ተጽፎለት ወደ አዳማና አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የሰመራው ዱብቲ ሆስፒታል ካልሆነለት በሚሌና በባቲ አድርጎ ደሴ ይወጣል። ወረፋው የሚጀምረው ካርድ ክፍል ደጃፍ ይመስለናል። ባልና ሚስት ግን መኪና ሲጠብቁ፣ መንገድ ዳር ጀምረውታል። እሷ ወገቧን ይዛ ጥላ ትፈልጋለች፤ እሱ ሾፌሩን "ወንድሜ፣ ጉድጓድ ስታይ ቀስ በልልን" እያለ ይለምናል።

*

ጠዋት ሐኪሙ ይገባል። "እንዴት አደርሽ?"

"አልሃምዱሊላህ።"

ሌሊቱን ስትገላበጥ ያደረችው ሴት ናት ይህን የምትለው። ፈጣሪን ማማረር ነውር ነውና ሌላ መልስ የላትም፤ ክርስቲያኗም በዚያው አልጋ ብትሆን "ተመስገን" ነበር የምትለው። ሐኪሙ ሰምቶ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ሌሊቱን ያየው ባሏ ደግሞ "አስታማሚ ይውጣ" ተብሎ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ስንት ጊዜ እንደነቃች፣ በየትኛው ጎኗ መተኛት እንዳቃታት፣ ማስታገሻው በስንት ሰዓት እንደለቀቃት የሚያውቀው እሱ ነው። በሆስፒታል ካየሁት ሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፤ ዋናው ምስክር ውጭ ቆሞ ችሎቱ ይዘጋል። ሐኪሙ ሲወጣ በር ላይ "ሌሊቱ እንዴት ነበር?" ብሎ ቢጠይቀው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

*

በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈቱት ሲሲሊ ሳንደርስ ለጽኑ ሕመምተኛ ማስታገሻ በሰዓቱ እንዲሰጥ ተከራክረዋል፤ ሕመሙ ተመልሶ እስኪያስጮህ መጠበቅ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 ለካንሰር ሕመም ባወጣው መመሪያ ይህንኑ አጸና። አፋር ቤት ሰዓቱ አይጠፋም፤ ሱብሂ፣ ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ አለ። ኪኒኗን ከሶላት ጋር አያይዞ የሚሰጥ ባል አይረሳም። ክፍተቱ ግን እኩል አይደለምና የትኛው ኪኒን ከየትኛው ሶላት ጋር እንደሚሄድ ፋርማሲው አብሮት ሊያሰላለት ይገባል።

*

እሷ አፋርኛ፣ ሐኪሙ አማርኛ፤ መሃል ላይ ባል። ስለ ማኅፀንና ስለ ሽንት ሲጠየቅ ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ ሦስቱን ዓረፍተ ነገር በአንድ ያሳጥረዋል። ያሳጠረው ግን ዋናውን ሊሆን ይችላል። አፋርኛ የምትችል አንዲት ነርስ እዚያ ክፍል ውስጥ ከብዙ መሣሪያ ትበልጣለች።

*

አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ የሰማውንና ያየውን ሳይነግር አያልፍም። በረሃ ውስጥ ሰውና ከብት ያተረፈ ወግ ነው። ሆስፒታል ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር አስታማሚው ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ሕመምተኛዋም የራሷን ሕመም ተኝታ ደጋግማ ትሰማለች። ዳጉውን ግቢ ውስጥ ተቀብሎ የሚጨርስ ወንድም ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

*

ወንድ ሲያስታምም "እንዲህ ያለ ባል!" ይባላል። ሚስት ስታስታምም ምሳ መብላቷን የሚጠይቅ የለም።

*

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በአራት ክልሎች ነበር የተጀመረው፤ አፋር አልነበረበትም። መድኑ በደረሰበትም ቢሆን የሚከፍለው ለሕክምናው ነው። የአስታማሚው እንጀራና ምኝታ የራሱ ዕዳ ነው። ስለዚህ ከገዋኔ የመጣው አርብቶ አደር በረንዳ ላይ ሽርጡን አንጥፎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የፍየል ዋጋ ይከራከራል። ድርቅ ባለበት ዓመት ገዢው ችግሩን ያውቅበታል፣ ዋጋውን ይሰብረዋል። አንዷን ለምርመራው ያሸጣል። ሁለተኛዋን "ለመመለሻ ትቆይ" ይላል።