ገጽና ገመና፦ የማኅበራዊ ሚዲያ የራስ ገለጻ የምን ማስረጃ ነው?

በግእዝ «ገጽ» ማለት ፊት ማለት ነው፤ በአማርኛ ደግሞ የመጽሐፍ ቅጠል እያንዳንዱ ወገን ገጽ ይባላል፤ በዚህ ዘመንም ሰዎች በፌስቡክ፣ በቲክቶክ፣ በኢንስታግራምና በሊንክድኢን የከፈቱት የየግል ሰሌዳ ይህንኑ ስም ወርሶ ይጠራበታል። ስያሜው ታስቦበት የተሰጠ ባይሆንም ለነገሩ ልክ ይመጣል፤ በሰሌዳው ላይ የሚነበበው ሰውየው ወደ ሌሎች ያዞረው ፊት ነውና። ይህ ፊት ግን ለወዳጅ ዘመድ ብቻ መታየቱ ከቀረ ቆይቷል፤ ተመራማሪዎች የሕዝብን ስሜት፣ ቀጣሪዎች የሥራ ፈላጊን ጠባይ፣ መንግሥታትም የቪዛ ጠያቂን ማንነት ለማወቅ ይሰበስቡታል፣ ይቆጥሩታል፣ ያነጻጽሩታል።

አማርኛ «መረጃ»ን ከ«ማስረጃ» ለይቶ ያውቃል። መረጃ ስለ አንድ ነገር የተገኘ ማንኛውም ወሬ፣ ቁጥር ወይም ምልክት ሲሆን፣ ማስረጃ ግን የተያዘውን ጭብጥ የሚያስረዳ፣ ሲመረመርም ጸንቶ የሚቆም መረጃ ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ የራስ ገለጻ፣ ማለትም ሰው ስለ ራሱ የሚጽፈው ቃል፣ የሚለጥፈው ፎቶና የሚያሳየው ኑሮ፣ መረጃ መሆኑ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ለየትኛው ጭብጥ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ለዚህ ክርክር መነሻ የሚሆነውን ሐሳብ ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት ያቀረቡት ካናዳ ተወልደው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተማሩት የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኧርቪንግ ጎፍማን ናቸው። ጎፍማን በ1956 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኤድንበራ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው በሌሎች ፊት በቆመ ቁጥር እንደ መድረክ ተዋናይ መልኩንና አነጋገሩን እንደሚያሰናዳ ያስረዱ ሲሆን፣ ከምሳሌዎቻቸው አንዱ በሼትላንድ ደሴቶች ያዩት ሆቴል ነው፤ በዚያ ሆቴል በመመገቢያው ክፍልና በማእድ ቤቱ የሚታየው ጠባይ የተለያየ ነበር። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት እስከ ሼትላንድ መሄድ አያስፈልገውም፤ እልፍኝና ጓዳ ብሎ ቤቱን ከፍሎ ኖሯልና። ከዚህ ክፍፍል የሚገኘው ትምህርት እልፍኙ ሐሰት ነው የሚል አይደለም። እልፍኙ እውነተኛ የቤቱ ክፍል ነው፤ ምንጣፉን፣ ወንበሩንና በግድግዳ የተሰቀለውን ፎቶ አይቶ ስለ ባለቤቱ ክብርና ምኞት በድፍረት መናገር ይቻላል፤ በጎታው ስላለው እህል መናገር ግን አይቻልም።

ጎፍማን ሌላም መለያ አስቀምጠዋል፤ ሰው አስቦ የሚሰጠው መልእክት አንድ ነገር ሲሆን፣ ሳያስበው ከእርሱ የሚያመልጠው ምልክት ሌላ ነገር ነው። እንግዳ ሆኖ የቀረበለትን ምግብ የሚያመሰግን ሰው ቃሉን ይሰጣል፤ ማንኪያውን የሚያነሣበት ፍጥነት ግን ከእርሱ ያመልጣል። ይህ የ«ሰጠ»ና የ«አመለጠ» ልዩነት በኋላ እንደሚታየው ለማኅበራዊ ሚዲያ መረጃ ዋና ቁልፍ ነው።

ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሚያስመሰግነውን መልስ ወደ መምረጥ ማዘንበሉን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ኖረዋል፤ ዳግላስ ክራውንና ዴቪድ ማርሎው በ1960 ይህን ዝንባሌ የሚለካ 33 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅተዋል። አማርኛ ለዚሁ ነገር ከጥንት ጀምሮ አንድ ቃል አለው፤ ይሉኝታ። ቃሉ «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ በመሆኑ፣ ሰው እንዲህ ወይም እንዲያ የሚያደርገው ሌሎች ስለ እርሱ የሚሉትን እየገመተ መሆኑን በራሱ ይናገራል። ስለዚህም ይሉኝታ ያለ ተመልካች አይኖርም፤ ተመልካቹ ሲለወጥም አቅጣጫው ይለወጣል። አቅጣጫ ያለው መዛባት ደግሞ እንደ ተራ ስሕተት አይቆጠርም።

እዚህ ላይ የምርምር ሰዎች የሚለዩአቸውን ሁለት ቃላት መለየት ይገባል። «አስተማማኝነት» የሚባለው መለኪያው በተደጋገመ ቁጥር ያንኑ ውጤት መስጠቱ ሲሆን፣ «ተገቢነት» የሚባለው ደግሞ ይለካል የተባለውን ነገር በእርግጥ መለካቱ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ አስበልጦ የሚያነብ ሚዛን አስተማማኝ ነው፤ ክብደትን በትክክል አይናገርም፤ ነገር ግን ሁለት ኪሎ እንደሚያስበልጥ ያወቀ ሰው ቀንሶ ሊጠቀምበት ይችላል። የራስ ገለጻም ጉዳይ ይህን ይመስላል፤ ያዛባል ወይ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ መዛባቱ ሥርዓት አለው ወይ፣ ሥርዓቱስ ይታወቃል ወይ የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል።

ሥርዓት እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ካታሊና ቶማ፣ ጄፍሪ ሃንኮክና ኒኮል ኤሊሰን በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በኢንተርኔት የፍቅር ጓደኛ የሚፈልጉ 80 የኒው ዮርክ ሰዎችን በአካል አግኝተው፣ ቁመታቸውን በሜትር፣ ክብደታቸውን በሚዛን፣ ዕድሜያቸውን በመንጃ ፈቃድ አረጋግጠው በገጻቸው ከጻፉት ጋር አስተያዩት። ከተሳታፊዎቹ 81 በመቶ ያህሉ ቢያንስ በአንዱ ዋሽተው ተገኙ፤ ውሸቱ ግን በአብዛኛው ትንሽ ነበር፤ ወንዶች ቁመታቸው ላይ ሲጨምሩ ሴቶች ከክብደታቸው ይቀንሱ ነበር። ውሸቱ ትንሽ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም፤ ነገ በአካል የሚገናኝ ሰው ዓይን ሊያልፈው ከሚችለው በላይ ለመዋሸት ይፈራል። ሃንኮክ ከጄሚ ጊሎሪ ጋር በ2012 ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሰዎች በሊንክድኢን ለሁሉ ክፍት ሆኖ በሚታይ የሥራ ታሪክ ላይ ሊጣራ ስለሚችለው የሥራ ልምድ የሚዋሹት በወረቀት ከሚያቀርቡት ሲቪ ያነሰ መሆኑን፣ ሊጣራ በማይችለው የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ ላይ ግን ይበልጥ እንደሚዋሹ አሳይቷል። ሁለቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲነበቡ፣ ውሸት አይጠፋም፤ ተመልካቹ ሊያጣራ ከሚችለው ቦታ ወደማይችለው ይሸሻል።

የገለጻውን እምነት የሚያጠናክር ውጤትም አለ። ሚትያ ባክና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባወጡት ጥናት የ236 የአሜሪካና የጀርመን ወጣቶች ገጾች ለማያውቋቸው ሰዎች ታይተው ስለ ስብዕናቸው ፍርድ ሲሰጥ፣ ፍርዱ ሰውየው ሊሆን ከሚመኘው ይልቅ ራሱና ወዳጆቹ ስለ እርሱ ከመሰከሩት ጋር ይቀርብ ነበር። ከስብዕና ጠባዮች ውስጥ ተግባቢነት በገጹ ላይ በደንብ ሲታይ፣ የመጨነቅና የመረበሽ ዝንባሌ ግን ለተመልካች ዓይን ሳይገለጥ ቀርቷል። እልፍኙ ጨዋታን ያሳያል፣ ጭንቀትን ግን ወደ ጓዳ ይመልሳል ማለት ነው።

ነገር ግን ዓይን ያላየውን ቆጠራ ሊያየው ይችላል። ዮሃነስ አይክስታትና ባልደረቦቻቸው በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፈቃዳቸውን የሰጡ 683 ታካሚዎች በፌስቡክ የጻፉትን ከሕክምና መዝገባቸው ጋር አነጻጽረው፣ ድብርት እንዳለባቸው በሐኪም የተመዘገበላቸው 114ቱ ሰዎች ከመታወቁ በፊት የጻፉት ቃል ከሌሎቹ እንደሚለይ አገኙ፤ ከምልክቶቹ አንዱ «እኔ»ን እና መሰሎቿን ማብዛት ነበር። ሚካል ኮሲንስኪና ባልደረቦቻቸውም በ2013 ከ58,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ላይክ ያደረጓቸውን ነገሮች ብቻ ይዘው፣ አንድ ዴሞክራትና አንድ ሪፐብሊካን ቢቀርቡለት በ100 ጊዜ 85 ያህሉን የሚለይ ስሌት ሠርተዋል። በሁለቱም ዘንድ መረጃ የሆነው ሰውየው የሰጠው ሳይሆን ያመለጠው ነው፤ ስለ ፖለቲካው አንድም ቃል ሳይጽፍ፣ ስለ ሐዘኑ ሳይናገር፣ ልማዱ ተናገረበት።

ይህ ሁሉ ጥናት ግን በአብዛኛው የአሜሪካና የአውሮፓ ሰዎችን የሚመለከት ነው፤ የማዛባቱ ሥርዓት በየአገሩ ይሉኝታ የሚወሰን ከሆነ ደግሞ የአንዱን አገር ሚዛን ለሌላው ማንበቢያ ማድረግ አይቻልም። በምዕራቡ ዓለም ጽሑፎች የሚደጋገመው ሐሳብ ሰው መልካሙን አብዝቶ ያሳያል፣ ክፉውን ይደብቃል የሚል ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን መልካሙም ይደበቃል። እርግዝና እስኪገፋ አይነገርም፤ የቪዛ ጉዳይ አውሮፕላን እስኪሳፈሩ በዝምታ ይያዛል፤ የሕፃን ፊት ከሰው ዓይን እንዲጠበቅ በምልክት ተሸፍኖ ይለጠፋል፤ ብዙ ሴቶችም በራሳቸው ፎቶ ፋንታ አበባ ወይም የቅዱሳን ሥዕል ያኖራሉ። እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ስለ ደስታ የተጻፈው ማነሱን አይቶ ደስታ የለም ብሎ መደምደም፣ ዓይን መፍራትን ከማጣት ጋር መደባለቅ ነው።

በሐዘንም በኩል እንዲሁ ነው። ለቅሶ መድረስ ግዴታ በሆነበት ማኅበረሰብ፣ የሻማ ምስል መለጠፍና «ነፍስ ይማር» ብሎ መጻፍ በርቀት ላለ ሰው የለቅሶ መድረሻ መንገድ ሆኗል፤ ያልጻፈ ሰው ነገ ቅሬታ ይጠብቀዋል። ቃላትን በመቁጠር ስሜትን የሚለካ ኮምፒውተር ይህን እንደ ሐዘን ብዛት ቢመዘግበው፣ የመዘገበው ሐዘንን ሳይሆን የማኅበራዊ ግዴታን ጥንካሬ ነው። መረጃው ትክክል ሆኖ ጭብጡ የሚስተው እንዲህ ነው።

የተመልካቾች መደባለቅ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። በእልፍኝ ሰው ለአማቱ አንድ ዓይነት፣ ለጓደኛው ሌላ ዓይነት ሆኖ ይቀርባል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ግን እናት፣ አሠሪ፣ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ የንስሐ አባትና ባዕድ ሰው አንድ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ወጣት በዕረፍት ቀኗ በገበያ አዳራሽ ያነሣችውን ፎቶ ብትለጥፍ፣ ፎቶው እናቷን «ደኅና ነኝ» ብሎ ያጽናናል፣ የሰፈር ሰው «ተሳካላት» እንዲል ያደርጋል፣ ብር የሚጠይቀውን ዘመድም ያበዛባታል፤ ስለዚህም በሚቀጥለው ጊዜ አትለጥፍ ይሆናል። ለመለጠፍም ላለመለጠፍም ያበቃት የተመልካቾቿ ስሌት ነው፤ ስለ ሥራዋ ሰዓት፣ ስለ ደመወዟና ስለ አሠሪዋ ጠባይ ግን ፎቶው አንዳች አይመሰክርም።

ከሚለጥፉት ሌላ የማይለጥፉት አሉ። በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል የምርጫ መጠይቅ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ቢያገኝም፣ አልፍ ላንደን ያሸንፋሉ ብሎ ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሰፊ ልዩነት አሸነፉ፤ ስሞቹ በከፊል ከስልክ ደንበኞችና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተወሰዱ በመሆናቸው ድሃው ተዘንግቶ ነበር፣ መልስ የላኩትም ከዝም ካሉት የተለዩ ነበሩ። ዛሬ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከማኅበራዊ ሚዲያ ውጭ ነው፤ በውስጡ ካሉትም ብዙዎቹ ያነብባሉ እንጂ አይጽፉም፤ አንድ ሰው ብዙ ገጽ ሲኖረው አንዱ ገጽ ደግሞ የብዙ ሰው ይሆናል፤ ፌስቡክ ራሱም ለባለ አክሲዮኖቹ ባቀረባቸው ሪፖርቶች ከገጾቹ 5 በመቶ ያህሉ ሐሰተኛ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለዓመታት ይገምት ነበር። ብዛት ለናሙና ጉድለት መድኃኒት አይሆንም።

ጉዳዩ ከምርምር ክፍል ወጥቶ የሰውን ዕድል የሚወስን ሆኗል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ2019 ጀምሮ የቪዛ ጠያቂዎች በ5 ዓመታት ውስጥ የተጠቀሙባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች በቅጽ እንዲሞሉ ይጠይቃል፤ የዲቪ ዕድለኛ የሚሞላው ቅጽም ይህንኑ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ለጓደኛ ተብሎ የተጻፈ ቀልድ በቆንስላ ፊት እንደ ምስክርነት ይነበባል፤ ሰዎችም እንደሚነበቡ ሲያውቁ ገጻቸውን ያጸዳሉ፣ ዝም ይላሉ ወይም ለአንባቢው የሚስማማውን ይጽፋሉ። ለመፍረጃነት የዋለ ገጽ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ስለ ፈራጁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ እንዲህ ነው። የራስ ገለጻ ሰው በማን ፊት ምን ሆኖ መታየት እንደሚፈልግ፣ ማኅበረሰቡም ምን እንደሚያከብርና ምን እንደሚያሳፍረው ለማወቅ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ሊጣሩ ስለሚችሉ ነገሮች፣ ማለትም ስለ ሥራ ቦታ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ዕድሜ ለትንሽ ጭማሪ ቦታ ከተተወለት ይታመናል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ትዳርና ስለ ውስጥ ሰላም ግን ከሌላ ምንጭ ሳይጣራ ብቻውን ሊቆም አይችልም። ያለ ሰውየው ሐሳብ የሚያመልጡት ምልክቶች ከቃሉ ይበልጥ ሊናገሩ ቢችሉም፣ እነርሱን መቁጠር ገመናን ያለ ፈቃድ መክፈት በመሆኑ፣ ትክክለኛነታቸው በጨመረ መጠን የሚጠቀምባቸው ሰው ኃላፊነትም ይጨምራል። ገጽን ያነበበ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ይህ እውነት ነው?» ከሚለው በፊት «ይህ ለማን ተብሎ ተለጠፈ?» የሚለው ነው።