ሙገር ባሕር ነበር

ከሐረር አካባቢ የተገኘ አንድ መንጋጋ አለ። ሙሉ የራስ ቅል አይደለም፤ የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ብቻ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፍሪድሪክ ፎን ሁነ እ.ኤ.አ. በ1938 አጠናው። ፕሊዮሳውር ከሚባሉት ራሰ ትልቅ፣ አንገተ አጭር የባሕር አውሬዎች መደበውና «ሲሞሌስቴስ ኖቫኪያኑስ» ብሎ ሰየመው። በ1996 ናታሊ ባርዴ እና ስቴፋን ሁዋ እንደገና መረመሩት። ፕሊዮሳውር ሳይሆን የአዞ ዘመድ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ማኪሞሳውሩስ ከሚባለው ወገን ይቆጠራል። 58 ዓመት ሙሉ ባልሆነው ነገር ሲጠራ ኖረ ማለት ነው።

ይህን ያነበብኩት በአባቴ ምክንያት ነው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከሙገር ሲሚንቶ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከመሃል ከተማ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ስንገባ ስንቱን ዕቃ ትተን መጣን፤ እሱ ግን ዛጎል የተጣበቀበት፣ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ በጋቢው ጠቅልሎ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይዞት ወጣ። የድሮ ሰፈራችን ሰው አባቴን በጉልበቱም በጨዋታውም ያውቀዋል። እዚህ ግን የሚያውቁት ሽማግሌ ሆኖ ነው። ቡና ላይ «ሙገር እኮ ባሕር ነበር» ሲል እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ ደግ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ጠጋ ብላ፣ «አባባ ደከም ብለዋል፤ ጠበል ብትወስዷቸውስ?» አለችኝ።

አባቴ ግን አልዘባረቀም። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ዛጎሉና ደለሉ ከሥር እየተነባበረ የኖራ ድንጋይ ሆነ። መቀሌ ዙሪያ፣ ዓባይ ሸለቆ፣ ሙገር፣ ሐረርጌ ሄዶ ማየት ይቻላል። የሐረሩ አውሬ የዋኘውም በዚያ ዘመን ባሕር ነው። የማኪሞሳውሩስ ጥርስ ጫፉ ዱልዱም ስለሆነ እንደ ኤሊ ያለ ጠንካራ ቅርፊት ለመስበር ይመቻል። የሙገር ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ ከኖራ ድንጋይ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጭኖ ያመላለሰው፣ ተፈጭቶና ተቃጥሎ ዱቄት የሆነ የባሕር ወለል ነበር።

አንድ እሑድ ቡና ላይ ይህን ሁሉ ከነዓመተ ምሕረቱ ተናገርኩ። ጎረቤታችን ድንጋዩን ተቀብላ ዛጎሉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ውይ! እና ይሄን ማን ነገራቸው?» አለች።

«ማን ይነግረኛል? ጎማ ስቀይር አገኘሁት» አላት አባቴ።

ከዚያ የሙገርን ቁልቁለት ጀመረ፤ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት፣ በክረምት ጉም ውስጥ በስንተኛ ማርሽ እንደሚወረድ። በረካው እስኪወጣ ድረስ ማንም አላቋረጠውም።