ዶሮዋ አትሸሽም

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ያን ሁሉ ቀን በሽሮ፣ በምስርና በጎመን የከረመ ሆድ፣ የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ንጥር ቅቤ የተንሳፈፈበት ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል። ገና ሳይነጋ! ሲነጋ በግ ይታረዳል፤ ጥብሱ ይመጣል፤ ጠላው ይቀዳል። ከሰዓት በኋላ አዴት ላይ ስንቱ ሆዱን ይዞ እንደሚጋደም ብታዩ! እኔም አንዱ ነኝ።

ነገሩ ምስጢር የለውም። ቅባት ሲበዛ ጨጓራ ምግቡን ወደ አንጀት የሚያሳልፈው ቀስ ብሎ ነው። ሐሞት ከረጢትም ቅባቱ እንዲፈጭ ተጨምቆ ሐሞቱን ይለቃል። መነፋቱ፣ ቃሩ፣ ማቅለሽለሹ ከዚህ ይመጣል። ለብዙዎቻችን በማግስቱ ያልፋል። የሐሞት ጠጠር ላለበት ሰው ግን ቀልድ አይደለም።

እናቶቻችን ለዚህ መላ አላቸው፤ ከዶሮው በፊት ተልባ ያጠጣሉ። «ሆድ ያለሰልሳል» ይላሉ። ችግሩ፣ ተልባውን ያጠጣችህ እናት ራሷ ናት «በሞቴ!» ብላ አራተኛውን ጉርሻ የምታጎርስህ። ለዚህች ሌሊት ቅቤ ስታጠራቅም የከረመችን ሴት እንዴት እምቢ ይሏታል?

አክስቴ ሐሞቷ ላይ ጠጠር ከተገኘ ወዲህ አንድ ብልት ቀምሳ እጇን ትታጠባለች። መጀመሪያ ጊዜ እናቴ ተቀይማ ነበር። አሁን ለእሷ ቅቤ ያልበዛበት ወጥ ለብቻ ትሠራለች። ይሄም ፍቅር ነው፤ ድካሙም አያንስም።

ደግሞስ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ዶሮዋ የት ትሄዳለች?