ከጉና ግርጌ እስከ ቀዶ ሐኪሙ ደጃፍ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ከወረታ ተነሥተን የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላ ትተን በአለም በር በኩል ስንወጣ ብርዱ ደጋ መድረሳችንን ይነግረናል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተምሥራቋ ጉና ተራራ ቆሟል። ይህ አገር ለሸክም አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ ደጋ ነው። ዛሬም እናቶች እንስራና እንጨት፣ ልጆች ጭድ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ።

ስለዚህ ጀርባው የጎበጠ ልጅ ሲታይ «ሸክም ነው ያጎበጠው» ይባላል፤ ወጌሻ ተጠርቶም ይታሻል። ውድ ወላጆች! ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። አንደኛው የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ነው፤ አጥንቱን በልቶ ጀርባውን ያጎብጣል። ሁለተኛው ልጁ ሲያድግ አከርካሪው ወደ ጎን የሚጣመምበት ሕመም ሲሆን፣ መነሻው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በነቀርሳ የተበላ አጥንት ላይ የወጌሻ እጅ ማሳረፍ አደጋ አለው።

ቀዶ ጥገናው መቼ ይሁን? ነቀርሳ ከሆነ መሠረቱ ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ብዙዎች ያለ ቀዶ ጥገና ይድናሉ። ነገር ግን እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ሕብለ ሰረሰሩ ተጨንቋልና አንድ ቀን ማደር አይገባም። የጎን መጣመም በራጅ ላይ በዲግሪ ይለካል። ከ25 በታች ያለው በክትትል ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ልጁ ገና እያደገ ከሆነ የጀርባ ድጋፍ ይታሰርለታል፤ ከ45 እስከ 50 ሲያልፍ ስለ ቀዶ ጥገና ይታሰባል።

ሐኪሙ አጥንቶቹን በብሎንና በብረት ዘንግ አቃንቶ ይይዛል፤ የአጥንት ፍርፋሪ ጨምሮም እንደ አንድ አጥንት እንዲጋጠሙ ያደርጋል። የተጋጠመው ክፍል ከዚያ በኋላ አይታጠፍም፣ አያድግም። በጣም ትንሽ ልጅ ላይ ቢቸኮል የደረትና የሳንባ እድገት ይታፈናል፤ እጅግ ቢዘገይ ደግሞ ጉብጠቱ ይጠነክራል፣ አደጋውም ይጨምራል። ስለዚህ ቀጠሮውን የሚቆርጠው የሕመሙ ብዛት ብቻ ሳይሆን የልጁ እድሜና የጉብጠቱ አካሄድ ነው። በየጊዜው የተነሣውን ራጅ አትጣሉ!

ማንን እንምረጥ? አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም እንጂ ቀዶ ሐኪም አይደሉም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጀርባቸው እጅግ የጎበጠ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ለጋናዊው ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ አደራ ሰጥተዋል። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረቱት ድርጅት በ2012 አክራ ላይ የራሱን ሆስፒታል ከፍቷል። እዚያ እጅግ የከፋ ጉብጠት ያለበት ታማሚ ወዲያው አይቀደድም፤ ራሱ ላይ ቀለበት ታስሮ አከርካሪው በክብደት ለሳምንታት ቀስ በቀስ ይሳባል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ መጀመሪያ መርምሮ ለማን መላክ እንዳለበት የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ፣ ጎበዝ ቀዶ ሐኪም መታገሥንም ያውቃል።

ሆድስ አይሁዳዊ ናቸው። ይህ ቅር የሚለው ካለ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በሒጅራቸው ጊዜ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥ ሙስሊም እንዳልነበረ ያስታውስ። የተመረጠው መንገዱን ስለሚያውቅና ስለታመነ ነው። ያለ እውቀት ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም ነቢያችን አስተምረዋል።

እንግዲህ ሐኪሙን ሳናፍር በአክብሮት እንጠይቅ። እንዲህ ዓይነቱን ቀዶ ጥገና ስንት ጊዜ ሠርተዋል? የታከሙት እንዴት ሆኑ? በሥራው መካከል የነርቩ ደኅንነት በምን ይታያል? ደምና የጽኑ ሕሙማን አልጋ ተዘጋጅቷል? አንድ ዓመት ብንጠብቅስ ምን ይመጣል? በጥያቄ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመን ሌላ ሐኪም ማማከር መብታችን ነው።

ጀርባው አልታጠፍ ያለው ሰው ሩኩዕና ሱጁድ ቢቸግረው በሚችለው ልክ፣ ተቀምጦም በምልክት ይሰግዳል፤ ዲናችን ገር ነው። አዋቂን ማማከርና ኢስቲኻራ መስገድ አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነውና በዚህ ሳምንት የልጆቻችንን ጀርባ ገልጠን እንይ። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው። አሚን።